ውፍረትን ለመቀነስ የሚደረግ ሕክምና የዓመታት ሥራ ነው

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር የተሰጠውን ሥራ ለመፈጸም የሚችለው ሰውነቱ ጤናማ ሲሆን ነው። ከፍ ያለ ዕውቀት ቢኖረው፥ ታላቅ ሹመትም ቢሰጠው፥ ጤና ከጐደለው ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም እየቀነሰ ይሄዳል። ጤናን የሚያጐድሉት ነገሮች ግን በየዘመኑ ይለዋወጣሉ። በአንዱ ዘመን የሚያስፈራው ማጣት ሲሆን፥ በሌላው ዘመን ሳይታወቅ የሚጐዳው መትረፍረፍ ይሆናል። የሁለቱ ጉዳት በአንድ አገር በአንድ ጊዜ የተገናኘ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ነገሩን አስተውሎ መመርመር ለሹማምንትም ለካህናትም ተገቢ ነው።

የወሎ ሕዝብ የረሀብን ነገር ከመጽሐፍ የተማረ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሀብ ብዙ ቤት የዘጋ፥ ብዙ ሕፃናትንም ያለ ወላጅ ያስቀረ ነበር። ከዚህም የተነሣ በሐይቅና በአምባሰል፥ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፥ ሰው ከዘመዱ ጋር ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲገናኝ «ወፍረሃል፤ ተስማምቶሃል» ብሎ ደስ መሰኘት፥ «ምነው ከሳህ?» ብሎም ማዘን የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር ከክፉ ልብ የመጣ አይደለም፤ ረሀብን ያየ ሕዝብ ጥጋብን ቢያመሰግን ማንም አይፈርድበትም። ዳሩ ግን ቃሉ ሳይለወጥ ኑሮው ስለ ተለወጠ፥ ዛሬ በዚህ ምስጋና ውስጥ በሽታ ተሸፍኖ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ በተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሐይቅ አልፎ፥ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ውጫሌ ይሄዳል። ከዚህ መንገድ ርቆ በአምባሰል ተራራ ጥግ የሚኖረው ገበሬ እርሻውን ሲያርስ፥ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ይውላልና የበላው እህል በሰውነቱ ላይ አይከማችም። በከተማ የሚቀመጠው ጸሐፊ ወይም ነጋዴ ግን ከቤቱ እስከ ሥራው በባጃጅ ይሄዳል፤ ቀኑን በወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ማታም በባጃጅ ይመለሳል። ዘይት የበዛበት ወጥ፥ የነጭ ዱቄት ዳቦ፥ ስኳር የበዛበት ሻይ፥ ለስላሳ መጠጥና ቢራም ይጨመርበታል። እንግዲህ የአንድ አባት ልጆች ሆነው፥ በተራራው የቀረው ወንድም ሲከሳ በከተማው ያለው ወንድም ከመጠን በላይ ሲወፍር መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው ሴቶች መካከል ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በታች የከሱ፥ ከመቶ 8ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለቱ ችግሮች አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አልጠበቀም።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሰው «ለከሳ ሕፃን የሚሰጥ ምግብ ባልተረፈበት አገር ስለ ወፍራም ሰው ሕክምና መናገር የቅንጦት ነገር አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የርኅራኄ ጥያቄ ስለ ሆነ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባውም። መልሱ ግን ሁለት ነው። መጀመሪያ፥ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከደም ግፊት፥ ከስኳር በሽታ፥ ከልብ ድካምና ከጉልበት ሕመም ጋር የተያያዘ ነው። የቤተ ሰቡ ቀላቢ በአርባ አምስት ዓመቱ ግማሽ አካሉ በድን የሆነ እንደ ሆነ፥ በማግሥቱ የሚራቡት ልጆቹ ናቸው። ሁለተኛ፥ ረሀብና ውፍረት በባሕርያቸው እንደሚመስለው ሩቅ ለሩቅ አይደሉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 እና በ1945፥ በሆላንድ አገር ከባድ ረሀብ ሆኖ ነበር። በ1976 በታተመው ጥናት፥ እናቶቻቸው በእርግዝናቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት የተራቡባቸው ወንዶች ልጆች በ19 ዓመታቸው ሲመረመሩ ከሌሎቹ ይልቅ ወፍራሞች በዝተውባቸው ተገኙ። በ1998 በታተመው ጥናት ደግሞ፥ በማኅፀን ሳሉ ረሀብ የደረሰባቸው ሰዎች በጕልምስናቸው ስኳርን በደማቸው የመቆጣጠር ዐቅማቸው አንሶ ታየ። በ1977 ዓ.ም. በወሎ የተወለደው ልጅ ዛሬ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ የወፍረትን ሕክምና ማሰብ የረሀብን ዘመን መርሳት ሳይሆን፥ ረሀቡ በሰው አካል ያስቀረውን ዕዳ እስከ መጨረሻው መከታተል ነው።

ሕክምናው ከመነገሩ በፊት መለኪያው መታወቅ አለበት። ሐኪሞች የሰውን ክብደት በኪሎ፥ ቁመቱንም በሜትር ይለኩና፥ ቁመቱን በራሱ አባዝተው ክብደቱን ለዚያ ያካፍላሉ። የሚገኘው ቍጥር ከ25 ጀምሮ ሲሆን ውፍረት፥ ከ30 ጀምሮ ሲሆን ለበሽታ የሚያደርስ ከባድ ውፍረት ይባላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 90 ኪሎ ቢመዝን ቍጥሩ ከ31 ያልፋል። ሚዛን ያልተገኘ እንደ ሆነም ሌላ ቀላል መለኪያ አለ፤ ይኸውም የወገብ ዙሪያ ከቁመት እኩሌታ እንዳይበልጥ መጠበቅ ነው። በሆድ ዙሪያ የሚከማቸው፥ ሕዝቡ ቦርጭ የሚለው ስብ፥ ከሌላው ይልቅ ለስኳርና ለልብ በሽታ የሚያጋልጥ ነውና።

ብዙ ሰው ውፍረትን እንደ ስንፍና ወይም እንደ ሆዳምነት ብቻ ይቈጥረዋል። ይህ አሳብ ሕመምተኛውን ያሳፍረዋል እንጂ አያድነውም። በፈረንጆች 2011 በአውስትራልያ ሐኪሞች በታተመ ጥናት፥ 50 ወፍራም ሰዎች 10 ሳምንት ምግባቸውን በብዙ ቀንሰው ክብደታቸው ከቀነሰ በኋላ፥ ረሀብን የሚቀሰቅሱትና ጥጋብን የሚያስታውቁት የሰውነት ሆርሞኖች ተለካ። ከአንድ ዓመት በኋላም እንደ ገና ሲለካ፥ ሰውነታቸው የቀነሰውን ኪሎ ለመመለስ ገና ሲታገል ተገኘ፤ የረሀብ ስሜታቸውም ከቀድሞው የበረታ ነበር። ሰውነት የተከማቸውን ስብ እንደ ክፉ ቀን ስንቅ አድርጎ ይጠብቀዋልና፥ ሲወሰድበት አጥብቆ ይከራከራል። ውፍረት ረጅም ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱን አንድ ወር ውጦ እንደማይተወው ሁሉ፥ የውፍረትም ሕክምና በአንድ ወር የሚፈጸም አይደለም።

በዛሬው ዘመን የታወቁት የሕክምና መንገዶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ምግብን ማስተካከልና ሰውነትን ማንቀሳቀስ ነው። ይህ ምክር ተራ ስለሚመስል ይናቃል፤ ፍሬው ግን በምርመራ የተረጋገጠ ነው። በአሜሪካ አገር የስኳር በሽታ ሊይዛቸው የተቃረቡ 3234 ሰዎች የተካፈሉበትና በፈረንጆች 2002 የታተመው ጥናት፥ ከክብደታቸው ከመቶ 7 ያህል ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ በእግር ለመሄድ ወይም የዚህን ያህል ለመንቀሳቀስ በአስተማሪ የታገዙት ሰዎች፥ በስኳር በሽታ መያዛቸው ከመቶ 58 መቀነሱን አሳይቷል። ሜትፎርሚን የተባለውን ርካሽ ክኒን የዋጡት ደግሞ ከመቶ 31 ቀንሶላቸዋል። እንግዲህ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ስድስት ወይም ሰባት ኪሎ ብቻ ቀንሶ ቢጠብቅ፥ መልኩ ብዙ ባይለወጥም በሽታው ይርቅለታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ክኒን ነው። ኦርሊስታት የሚባለው መድኃኒት ከምግብ ጋር ሲወሰድ ከሚበላው ስብ ሲሶ ያህሉ ወደ ሰውነት ሳይገባ እንዲወጣ ያደርጋል። አራት ዓመት በፈጀ ምርመራ፥ መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 5.8 ኪሎ፥ በመድኃኒቱ ፈንታ ባዶ ክኒን የተሰጣቸው 3 ኪሎ ቀንሰዋል። ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ስብ የሚያበዛ ሰው የወሰደው እንደ ሆነም ሆዱን አስቸግሮ ያሳፍረዋል።

ሦስተኛው ስሙ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነገርለት መርፌ ነው። ሴማግሉታይድ የሚባለው መድኃኒት፥ ሰው ከበላ በኋላ አንጀት የሚያመነጨውን የጥጋብ መልእክተኛ ይመስላል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ረሀብን ያበርዳል፤ ጨጓራም ቀስ ብሎ እንዲያጋባ ያደርጋል። በፈረንጆች 2021 በታተመው ምርመራ፥ ከምክር ጋር መርፌውን 68 ሳምንት የወሰዱት በአማካይ ከክብደታቸው ከመቶ 14.9 ሲቀንሱ፥ በምክር ብቻ የቆዩት ከመቶ 2.4 ቀንሰዋል። ቲርዘፓታይድ የተባለው ሌላው መርፌ በ2022 በታተመው ምርመራ በከፍተኛው መጠኑ ከመቶ 20.9 አድርሷል። በ2023 ደግሞ፥ የልብና የደም ሥር ሕመም ባለባቸው 17604 ወፍራም ሰዎች ላይ በተደረገው ምርመራ፥ ሴማግሉታይድ የልብና የአእምሮ ደም ሥር አደጋን ከመቶ 20 መቀነሱ ታይቷል። ጉዳቱም አይሰወርም፤ ማቅለሽለሽ፥ ማስታወክና የሆድ ድርቀት ያመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የሐሞት ጠጠርና የጣፊያ እጢ ቍስለት ይከተላል፤ እርጉዝ ሴት ልትወስደው አይገባም።

አራተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ ጨጓራን ያሳንሰዋል፥ ወይም ምግቡ ከአንጀት ከፊሉን ዘሎ እንዲያልፍ ያደርጋል። በስዊድን አገር በ1987 ተጀምሮ ብዙ ሺህ ሰዎች በተከታተለው ጥናት፥ አንጀትን የሚያዘልለው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከዐሥር ዓመት በኋላ እንኳ ከቀድሞ ክብደታቸው ከመቶ 25 ቀንሰው ተገኝተዋል፤ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸውም መካከል የሞቱት ካልተደረገላቸው ያነሱ ሆነዋል። ዳሩ ግን ይህ ለከባድ ውፍረት ብቻ የሚሆን ነው፤ እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና በሐይቅ ወይም በውጫሌ የሚደረግ አይደለም፤ የተደረገለትም ሰው ዕድሜውን ሁሉ ቪታሚንና ብረት እየወሰደ፥ ደሙን እያስመረመረ መኖር አለበት።

ከእነዚህ መንገዶች የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በቀነሰው ኪሎ ብዛት ብቻ አይደለም። የሚበልጠው ጥያቄ የትኛው ይቀጥላል የሚለው ነው። በሴማግሉታይድ ምርመራ ከተካፈሉት መካከል ከፊሎቹ መርፌውንም ምክሩንም ካቆሙ በኋላ አንድ ዓመት ሲጠበቁ፥ ከቀነሱት ክብደት ከሦስት እጅ ሁለቱን መልሰው አግኝተውታል፤ የደም ግፊታቸውና ሌላውም መልካም ለውጥ አብሮ ወደ ኋላ ተመልሷል። ይህ የመድኃኒቱ ውሸት አይደለም፤ የሕመሙ ጠባይ ነው። ስለዚህ መርፌውን ለመጀመር የሚያስብ ሰው መጠየቅ ያለበት «የዚህን ወር ዋጋ አለኝን?» ብሎ ሳይሆን «ከሦስት ዓመት በኋላስ አገኘዋለሁን?» ብሎ ነው። መሬቱን ወይም በሬውን ሸጦ ስድስት ወር ተወግቶ የሚያቆም ሰው፥ ኪሎው ተመልሶ ገንዘቡ ግን ሳይመለስ ይቀራል።

ለወሎ ሰው ደግሞ ይህ ጥያቄ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተጐድተው ንብረታቸው ተዘርፏል፤ በየወሩ መድኃኒት የሚወስደው የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛም ተቸግሯል። መርፌው ከመከፈቱ በፊት በቅዝቃዜ መጠበቅ የሚገባው ስለ ሆነ፥ መብራት ሲጠፋ፥ መንገድም ሲዘጋ ቀድሞ የሚቋረጠው እርሱ ነው። ዳገት መውጣትን፥ የሚዛን ልምድንና የታረመ ገበታን ግን የመንገድ መዘጋት አያቋርጣቸውም። ይህ ማለት መርፌው የተናቀ ነው ማለት አይደለም፤ መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያው አይቀደም ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ያለ ሐኪም የሚገዛው ነገር ነው። ስሙ ያልታወቀ ዱቄት፥ «በሁለት ሳምንት ያከሳል» የሚባል ሻይና እንክብል ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። የሠለጠኑት አገሮች እንኳ በዚህ ተፈትነዋል። ፌንፍሉራሚን የተባለው የማክሻ መድኃኒት የልብን በር እንደሚጐዳ ስለ ታወቀ በፈረንጆች 1997፥ ሲቡትራሚን የተባለውም ለልብና ለአእምሮ ደም ሥር አደጋ ስለሚያጋልጥ በ2010 ከገበያ ወጥተዋል። ይኸው የተከለከለው ሲቡትራሚን በብዙ አገሮች የቅጠል ሻይ ነው ተብሎ በሚሸጥ ነገር ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል። ቶሎ እንደሚያከሳ የሚማልለት ነገር ሁሉ በመጀመሪያ ሊጠረጠር ይገባዋል።

የካህናትም ድርሻ በዚህ ነገር ትንሽ አይደለም። በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ምክንያት የሐይቅ ስም ከጾምና ከትምህርት ጋር ከኢየሱስ ሞዐ ዘመን ጀምሮ የተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ ጾም ለነፍስ የተሠራ ሥርዓት ነው እንጂ ኪሎ የሚቀንሱበት ዘዴ አይደለም። በጾም ቀን ሥጋና ቅቤ ቀርቶ ዘይቱና ስኳሩ ከበዛ፥ ወይም በፋሲካ ሰሞን የተጐደለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተሞላ፥ ሚዛኑ አይለወጥም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላሚድ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ሳያስተካክል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም፥ በደሙ ያለው ስኳር በድንገት ወርዶ ሊወድቅ ወይም ሊሞት ይችላል፤ መርፌውም ከእነዚህ ጋር ሲደረብ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ የንስሐ አባት የመንፈስ ልጁን «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ሐኪምህስ ምን አለህ?» ብሎ ቢጠይቀው ነፍስን ማዳን ነው። በወሎ ከክርስቲያኑ ጋር አብሮ የሚኖረው እስላምም በረመዳን ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የታመመ ሰው ከጾሙ እንዲቈይ ሃይማኖቱ ስለ ፈቀደለት፥ የመስጊዱ መምህራን ይህን ቢያስታውሱት ብዙ ሰው ይድናል።

የሹማምንት ሥራ ደግሞ ከሐይቅ ሊጀምር የሚችልበት ምክንያት አለ። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፥ ከእነዚያ ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነበር። ገበሬው ከጥቂት ገንዘቡ እያዋጣ፥ ታምሞ ሲመጣ እንዲታከም የተደረገበት ይህ ሥርዓት፥ ሰው ከመውደቁ በፊት እንዲደገፍ ቢያደርግ ለራሱም ሣጥን ይጠቅመዋል። የደም ግፊትን በጊዜው አግኝቶ በርካሽ ክኒን መያዝ፥ ግማሽ አካሉ የደነዘዘውን ሰው በደሴ ሆስፒታል ከማስተኛት እጅግ ያነሰ ወጪ ነውና። በየቀበሌው ጤና ኬላ የከሳውን ሕፃን የሚመዝኑት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። የእናቲቱና የአባትየውም ክብደት፥ ወገብና የደም ግፊት በዓመት አንድ ጊዜ ቢለካና በመዝገብ ቢጻፍ፥ የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት፥ የሚሰጠው ዕውቀት ብዙ ነው። ከተለኩት መካከል ቍጥራቸው ከፍ ያለው ወደ ጤና ጣቢያ ተልከው የስኳር ምርመራ ቢደረግላቸው፥ ምክርና እንደ ሁኔታው ሜትፎርሚን ቢሰጣቸው፥ በየሦስት ወሩም ተመልሰው ቢታዩ፥ የረጅሙ ሕክምና መሠረት ተጣለ ማለት ነው።

መርፌውን በሚመለከት መንግሥት ሁለት ስሕተት እንዳይሠራ መጠንቀቅ አለበት። አንደኛው ስሕተት የባለጠጋ መድኃኒት ነው ብሎ ጨርሶ መርሳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2025 እነዚህን መድኃኒቶች፥ የስኳር በሽታ ከልብ ወይም ከኵላሊት ሕመምና ከውፍረት ጋር ለተደረበባቸው ሰዎች፥ በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቷቸዋል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ስለ ውፍረት ረጅም ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። የሴማግሉታይድ የፈጠራ መብት በሕንድ፥ በቻይናና በብራዚል ዘመኑ የተወሰነው እስከ 2026 ስለ ሆነ፥ ርካሽ የሚሆንበት መንገድ የተከፈተ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ዋጋው ሳይረክስ፥ ማቀዝቀዣው ሳይዘጋጅ፥ ማን እንደሚቀድም ሳይወሰን ገበያውን መልቀቅ ነው። መቅደም ያለበት ለሰርግ ልብስ ሲል መክሳት የሚፈልገው ሳይሆን፥ ስኳሩ፥ ልቡና ኵላሊቱ አብረው የታመሙበት ሰው ነው። ለእርሱም የተጀመረው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል የዓመታቱ ወጪ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

የመሥሪያ ቤት አለቆችም በገዛ ራሳቸው ቢጀምሩ ትምህርቱ ቶሎ ይሰማል። ለአጭር መንገድ በእግር የሚሄድ ሹም፥ በስብሰባ ላይ በለስላሳ መጠጥ ፈንታ ውኃ የሚያቀርብ ጽሕፈት ቤት፥ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ያስተምራል። በማኅበርና በዝክር፥ በሰርግና በተዝካርም የቤቱ ጌታ እንግዳውን «በሞቴ» እያለ ከጠገበ በኋላ ማጉረሱን ቢተው፥ ፍቅሩ አይጐድልም፤ የእንግዳው ዕድሜ ግን ይረዝማል።

የአበው ተረት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ውፍረት በአንድ ቀን አልመጣም፤ በአንድ ወርም አይሄድም። ረሀብን በትዕግሥት ያለፈ ሕዝብ ይህንንም በትዕግሥት ለማለፍ ዐቅም አያንሰውም፤ የሚያስፈልገው ሐኪሙ እውነቱን እንዲነግረው፥ ካህኑ እንዳያሳፍረው፥ ሹሙም የተጀመረው ሕክምና በመካከል እንዳይቋረጥ እንዲጠብቅለት ነው። በሐይቅና በአምባሰል ጤና ኬላዎች ሕፃኑ በሚመዘንበት ቀን አባቱም አብሮ ቢመዘን፥ ለወሎ ጤና መልካም መጀመሪያ ይሆናል።